የሠላሳ ስምንት ዓመቱ ጀማሪ



ባለፈው ሰሞን የንባብ ክበባችን ሥራውን ጨርሶ ሻይ በምንጠጣበት ሰዓት አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ከመካከላችን አንዱ ወንድም «ሰው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ያለውን ይዞ ይቆያል እንጂ አዲስ ነገር አይጀምርም፤ እኛ ደግሞ ያቺን ዕድሜ ወረፋ ላይ ቆመን ጨረስናት» አለ። ብዙዎቻችን ዝም አልን። እኔም ዝም ካሉት አንዱ ነበርኩ። ነገር ግን የመምህር ምላስ ለረጅም ጊዜ ዝም ማለት አይሆንላትምና የዚያን ዕለት ያልመለስኩትን ዛሬ በጽሑፍ ይዤ ቀርቤአለሁ። ምሳሌዬ ከአገራችን አይደለም። ከካሪብ ባሕር፣ ከኩባ ደሴት የተገኘ አንድ ባላገር ነው፤ ስሙም ኮንራዶ ማሬሮ ይባላል። ለማጽናኛ ብቻ አላመጣሁትም። በታሪኩ ውስጥ መራራ ስፍራ አለ፤ እሱንም ዘልዬ አላልፍም። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ቤዝቦል በአገራችን የታወቀ ጨዋታ ስላልሆነ አስቀድሜ በአጭሩ ላስረዳ። የገናን ጨዋታ የሚያስታውስ ሰው ኳስ በዱላ መምታትን ያውቃል። እዚህ ግን ኳሷ መሬት ለመሬት አትነዳም፤ በአየር ትመጣለች። አንዱ ቡድን ዱላ የያዘ መቺ ያቆማል። የሌላው ቡድን ወርዋሪ ከ18 ሜትር በላይ ርቆ ከአንዲት ጉብታ ላይ ቆሞ፣ ትንሽ ብርቱካን የምታክል ጠንካራ ኳስ ይወረውርለታል፤ እውነቱን ለመናገር ይወረውርበታል። መቺው ሦስት ጊዜ ከሳተ ከጨዋታው ወጣ። አርቆ ከመታት ግን ይሮጣል፤ አራቱን ማረፊያዎች አዳርሶ ከተመለሰ ለቡድኑ አንድ ነጥብ ይቆጠራል። ሦስት መቺዎች ከወጡ ተራው ይለወጣል። ይህ ሁሉ ዘጠኝ ዙር ይደጋገማል። እንግዲህ የወርዋሪው ነገር ከእግር ኳስ ግብ ጠባቂም ከአጥቂም የከበደ ነው፤ ቡድኑ ሲያሸንፍ ድሉ፣ ሲሸነፍም ሽንፈቱ በእርሱ ስም ይመዘገባል። ከዚህ በታች «ይህን ያህል አሸነፈ፣ ይህን ያህል ተሸነፈ» ስል ይህንኑ ማለቴ ነው።

ማሬሮ የተወለደው ኤፕሪል 25 ቀን 1911 በሳጉዋ ላ ግራንዴ አካባቢ ነው። ይህ ስፍራ ከደሴቲቱ መካከል ወደ ሰሜኑ ጠረፍ የሚገኝ የሸንኮራ አገዳ አገር ነው። ያደገው ላቤሪንቶ በሚባል የእርሻ ቦታ በመሆኑ በኋላ አገር ሁሉ ሲያውቀው «የላቤሪንቶው ባላገር» ተባለ። ቁመቱ ከአንድ ሜትር ከሰባ አይበልጥም፤ እጆቹም አጫጭር ነበሩ። ወርዋሪ ሲመረጥ እንደ ግመል ረጃጅሙ በሚፈለግበት ጨዋታ እንዲህ ያለውን ሰው ማንም በመልኩ አይመርጠውም። እርሱም መጀመሪያ ወርዋሪ አልነበረም፤ በሜዳው ውስጥ የተመታች ኳስ ከሚያሳድዱት አንዱ ነበር።

በ1938 የሲየንፉዌጎስን ቡድን ይዞ በኩባ የአማተሮች ሊግ መወርወር ሲጀምር ዕድሜው 27 ዓመት ነበር። በዚህ ዕድሜ ሌላው ወርዋሪ ጉልበቱ ሞልቶ ስሙ በጋዜጣ የሚወጣበት ነው። አማተር ሲባል ግን ለቀልድ የሚጫወት ማለት እንዳይመስላችሁ። በዚያን ዘመን የኩባ ሕዝብ የአማተሮቹን ጨዋታ ከባለሙያዎቹ ባልተናነሰ ይወድ ነበር፤ ራዲዮኑም ያወራው ነበር። ማሬሮ እዚያ ሰባት ዓመት ያህል ሲወረውር ከ120 በላይ ጨዋታ አሸነፈ። የተሸነፈው የዚያን ሲሶ ያህል ብቻ ነው።

ከእነዚያ ዓመታት አንዱን ቀን ለይቼ ማንሣት እፈልጋለሁ። በ1941 የዓለም የአማተሮች ሻምፒዮና በሃቫና ተደርጎ ኩባና ቬኔዝዌላ እኩል ስለጨረሱ የዋንጫው ባለቤት በአንድ ተጨማሪ ጨዋታ እንዲለይ ተወሰነ። ቀኑ ኦክቶበር 22 ነበር። ለኩባ ማሬሮ፣ ለቬኔዝዌላ ዳንኤል ካኖኒኮ የሚባል ወርዋሪ ቆሙ። ኩባዎች በገዛ ሜዳቸው፣ በገዛ ሕዝባቸው ፊት ናቸው፤ የሚሸነፉ የመሰለው ሰው አልነበረም። ቬኔዝዌላዎች ግን በመጀመሪያው ዙር፣ ገና ተመልካቹ በቅጡ ሳይቀመጥ፣ ሦስት ነጥብ አስቆጠሩበት። ከዚያ በኋላ በቀሩት ስምንት ዙሮች አንዲትም አልጨመሩም፤ ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በቅተዋቸዋል። ካኖኒኮ አንድ ነጥብ ብቻ ሰጥቶ ጨዋታው 3 ለ 1 አለቀ። ቬኔዝዌላ ውስጥ የሆነው ደስታ እስከ ዛሬ ይወራል፤ ተጫዋቾቹም «የአርባ አንዱ ጀግኖች» የሚል ስም ወጣላቸው።

እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ዘወትር የማስበው ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ጉብታው ላይ ስለቆመው ሰው ነው። ዕድሜው ሠላሳ ዓመት ነው፤ የወንድማችን ሠላሳ ዓመት። ስሙ የገነነውም፣ በዓለም ፊት የተዋረደውም አሁን ነው። ሌላ ቢሆን «በቃኝ» ብሎ ወደ አገዳው ቢመለስ የሚፈርድበት አይኖርም ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በ1942 እነዚያው ሁለት ወርዋሪዎች እዚያው ሃቫና እንደገና ተገናኙ። ኩባ 8 ለ 0 አሸነፈ። ማሬሮ አንዲትም ነጥብ አልሰጠም። ዋንጫውም በኩባ ቀረ።

ከጦርነቱ በኋላ፣ ዕድሜው ወደ ሠላሳ አምስት ሲጠጋ፣ በገንዘብ የሚጫወት ባለሙያ ሆነ። ክረምት ክረምት በኩባ ሊግ ለአልሜንዳሬስ ቡድን ይወረውራል፤ በጋውን ደግሞ ሃቫና ኩባንስ ለሚባል ቡድን ይሰለፋል። ይህ ቡድን መቀመጫው ሃቫና ሆኖ ባሕሩን እየተሻገረ በፍሎሪዳ ሊግ ይጫወት ነበር፤ የዋሽንግተን ክለብም ተዛማጅ ነበር። ሊጉ በአሜሪካ ቤዝቦል መሰላል ዝቅ ካሉት ደረጃዎች አንዱ ነበር። እንግዲህ ቁጥሩን ተመልከቱ። በ1947 ማሬሮ 25 አሸንፎ 6 ተሸነፈ። በ1948 20 አሸንፎ 11 ተሸነፈ። በ1949 25 አሸንፎ 8 ተሸነፈ። በሦስቱም ዓመት በአንድ ሙሉ ጨዋታ በአማካይ የሚያስቆጥሩበት ነጥብ ከሁለት በታች ነበር። ሦስቱን ዓመት ብንደምር 70 ድል በ25 ሽንፈት ይሆናል።

የሕይወት ታሪኩን የሚተርኩ ሰዎች «ዘግይቶ ያበበ» ይሉታል። እኔ ይህ አነጋገር አይዋጥልኝም። ዘግይቶ ያበበው ምኑ ነው? በ1938 ያሸንፍ ነበር፤ በ1942 ያሸንፍ ነበር፤ በ1947 ያሸንፍ ነበር። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት ለእርሱ ብንጠቅስለት ስሕተት ይሆናል፤ እርሱ ከአሥር ዓመት በፊት በእግሩ ሄዷልና። የዘገየው የመዝገብ ያዢው ዓይን ነው። አሜሪካኖች ሃቫና ላይ የተደረገውን ጨዋታ እንደ ጨዋታ አልቆጠሩትም፤ ስለዚህ ሰውየው ያልነበረ ያህል ሆነ።

ዋሽንግተን በመጨረሻ የጠራችው ለምንድን ነው ቢባል ምክንያቱ ፍቅር አልነበረም። የክለቡ ባለቤት ክላርክ ግሪፊት ብዙ ገንዘብ የሌለውና ያለውንም የሚቆጥብ ሰው ነበር። ተጫዋች የሚያፈላልግለት ጆ ካምብሪያ የሚባል፣ ባልቲሞር ውስጥ የልብስ እጥበት ንግድ የነበረው ሰው፣ ኩባን መንደር ለመንደር እየዞረ ወጣቶችን በርካሽ ያስፈርም ነበር። ርካሽ ጉልበት ከሩቅ አገር ማምጣት እንግዲህ በስፖርቱም ዓለም አዲስ ነገር አይደለም። ማሬሮ ግን ወጣት ስላልነበረ ለዓመታት ዓይናቸው ሥር ሆኖ አለፉት። በ1949 ያን ሁሉ ጨዋታ ካሸነፈ በኋላ ግን ማለፍ አልተቻለም።

ኤፕሪል 21 ቀን 1950 በአሜሪካ ከፍተኛ ሊግ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወረውር 39 ዓመት ሊሞላው አራት ቀን ቀርቶታል። በመዝገቡ ላይ «ጀማሪ» ተብሎ ተጻፈ። ጋዜጠኞቹ በቁመቱ፣ ከአፉ በማይለየው ሲጋራው፣ እንግሊዝኛ ባለመቻሉ ሲስቁበት ከረሙ። ዕድሜውንም አንዱ እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ እያለ ይጽፈው ነበር። የመጀመሪያው ዓመት መልካም አልሆነለትም፤ 6 አሸንፎ 10 ተሸነፈ። ቡድኑ ራሱ ደካማ ስለነበር ይህ ሁሉ በእርሱ ላይ የሚደፋ አይደለም።

በሁለተኛው ዓመት፣ አርባኛ ዓመቱን በያዘ ማግሥት፣ ማለትም ኤፕሪል 26 ቀን 1951፣ ከፊላዴልፊያ ጋር ሲጫወት ዘጠኙን ዙር ሁሉ እርሱ ወረወረ። በደንብ የመታው ባርኒ ማኮስኪ የሚባል አንድ መቺ ብቻ ነበር፤ እርሱም ኳሷን ከአጥር ውጭ አውጥቷታል። ጨዋታው 2 ለ 1 በዋሽንግተን አሸናፊነት ተፈጸመ። በዚያው ዓመት የሊጉ ምርጥ ተጫዋቾች በሚሰለፉበት ጨዋታ ላይ ተመረጠ፤ ተመረጠ እንጂ ዕለቱን ሜዳ አልገባም። ዓመቱን በ11 ድልና በ9 ሽንፈት ፈጸመ። በ1952 ከዚያም ተሻለ፤ 11 አሸንፎ 8 ተሸንፎ፣ በአንድ ሙሉ ጨዋታ በአማካይ ያስቆጠሩበት ከሦስት ነጥብ በታች ነበር። በአርባ አንድ ዓመቱ!

ምን ነበር የያዘው? ጉልበት አይደለም። ኳሷ ከእጁ ስትወጣ ፍጥነት አልነበራትም። እጆቹን እንደ ነፋስ ወፍጮ አሽከርክሮ፣ አካሉን ጠምዝዞ ሲወረውር መቺው ኳሷ ከየት እንደምትመጣ ሳያውቅ ትመጣበታለች፤ ለመምታት ሲሰናዳ ደግሞ ወደ ጎን ትሸሸዋለች። ከዚህ ይልቅ ዋናው መሣሪያው ትዝታው ነበር። እያንዳንዱ መቺ የቱን ኳስ እንደሚወድ፣ የቱን እንደሚፈራ ለዓመታት አጥንቶ ይይዛል። ይህን ጥበብ ያገኘው ለአሥር ዓመት ማንም አልቆጠረለትም በተባለው ሜዳ ላይ ነው። ሆኖም ጥበብ የማይበግራቸው ሰዎችም አሉ። በዘመኑ ከመቺዎች ሁሉ የሚፈራው የቦስተኑ ቴድ ዊሊያምስ በአንድ ጨዋታ ሁለት ጊዜ ከአጥር ውጭ መታበት። ከጨዋታው በኋላ ዊሊያምስ ትከሻውን መታ አድርጎ ዛሬ የእኔ ቀን ነበር ቢለው፣ ማሬሮ ለአንተማ ቀኑ ሁሉ ያንተ ነው ብሎ እንደ መለሰለት ይተረካል። ማሬሮ ይህን ታሪክ በሽምግልናው ጊዜ ለጠያቂዎቹ እየሳቀ ያወራው ነበር።

አሁን ወደ መራራው ስፍራ ደረስኩ። ለማሬሮ በሩ ዘግይቶ ተከፈተለት ብለናል። የተከፈተለት ግን ነጭ ስለነበር ነው። እስከ 1947፣ ጃኪ ሮቢንሰን ብሩክሊን እስከገባበት ድረስ፣ የአሜሪካ ከፍተኛ ሊግ ጥቁር ተጫዋች አያስገባም ነበር። ሕጉ በወረቀት አልተጻፈም፤ ጌቶቹ በቃል ተስማምተውበት የሚሠራበት ነበር። ከኩባ የሚመጣውንም በቆዳው መርምረው ነው የሚያስገቡት። ከዚህም በላይ ማሬሮ ስሙን ያገነነበት የኩባ የአማተሮች ሊግ ራሱ ጥቁሮችን አያስጠጋም ነበር፤ የነጭ ክለቦች ሊግ ነበርና። በራሱ አገር፣ በራሱ ቋንቋ። ይህን ሳልጠቅስ ታሪኩን ብነግራችሁ የውሸት ታሪክ አስተማርኳችሁ ማለት ነው።

ከማሬሮ አምስት ዓመት ቀድሞ በማታንዛስ የተወለደ ማርቲን ዲሂጎ የሚባል ጥቁር ኩባዊ ነበር። ይህ ሰው ይወረውራል፣ ይመታል፣ በሜዳው ላይ የማይሰለፍበት ቦታ የለም፤ በኩባ፣ በሜክሲኮ፣ በጥቁር አሜሪካውያን ሊግ ተጫውቷል። ያዩት ሁሉ እንዲህ ያለ ተጫዋች አላየንም ይላሉ። አንድ ቀን እንኳ በከፍተኛው ሊግ አልተሰለፈም። በሩ ሲከፈት እርሱ አርባ ዓመት አልፎታል፤ ማንም አልጠራውም። በ1971 ሲየንፉዌጎስ ውስጥ ሞተ። አሜሪካኖች በኩፐርስታውን ካለው የዝነኞች አዳራሻቸው ያስገቡት በ1977፣ ከሞተ ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። ሳቸል ፔጅ የሚባለው ጥቁር አሜሪካዊ ወርዋሪ ደግሞ ከሃያ ዓመት በላይ በጥቁሮች ሊግ ሲወረውር ኖሮ በ1948 በ42 ዓመቱ ክሊቭላንድ ገባ፤ እርሱንም «ጀማሪ» አሉት። በ1952 ፔጅና ማሬሮ በአንድ ሊግ ውስጥ ነበሩ። ሁለቱም አሮጌ ጀማሪዎች ናቸው፤ ነገር ግን አንዱን ያቆየው የሰዎች ግድየለሽነት ሲሆን ሌላውን ያቆየው ሆን ተብሎ የተቆለፈ በር ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ «ትዕግሥት ፍሬ አለው» ብሎ መዝጋት ለዲሂጎ ስድብ ይሆናል።

የማሬሮ ክለብ ዋሽንግተንስ? የመጀመሪያውን ጥቁር ተጫዋች ያሰለፈው በሴፕቴምበር 1954 ነው። ተጫዋቹ ካርሎስ ፓውላ የሚባል ኩባዊ ነበር። ያ ወር ማሬሮ በዋሽንግተን የወረወረበት የመጨረሻው ወር ነው። የአንድ አገር ልጆች በአንድ በር፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው ሲገባ ተላለፉ ማለት ነው። በዚያው ዓመት በቡድኑ ውስጥ ካሚሎ ፓስኩዋል የሚባል የሃያ ዓመት የሃቫና ልጅም ይወረውር ነበር። ማሬሮ ያን ጊዜ 43 ዓመቱ ነው። በአምስቱ ዓመት 118 ጊዜ ተሰልፎ 39 አሸንፎ 40 ተሸንፏል። ቁጥሩን ብቻ የሚያይ «መካከለኛ ወርዋሪ» ብሎ ያልፈዋል። ቁጥሩ የሚጀምረው ሌሎች ከሚጨርሱበት ዕድሜ መሆኑን ግን ሰንጠረዡ አይናገርም።

ወደ ሃቫና ተመልሶ በሹገር ኪንግስ ቡድን ጥቂት ጊዜ ከወረወረ በኋላ አብዮቱ መጣ። ከ1959 በኋላ በደሴቲቱና በአሜሪካ መካከል ያለው ነገር ተበላሸ፤ በ1961 በገንዘብ የሚደረግ ስፖርት በኩባ ተሻረ። ተጫዋቾቹ ሁለት ወገን ሆኑ። ፓስኩዋልን የመሰሉት አሜሪካ ቀሩ። ማሬሮ አገሩ ቀረ፤ ለብዙ ዓመታትም ወጣት ወርዋሪዎችን ሲያሠለጥን ኖረ። የሄደውን ከሃዲ፣ የቀረውን ጀግና፣ ወይም ግልባጩን የሚሉ አሉ። እኔ ከሁለቱ አንዱን ለመዳኘት ወንበሩ የለኝም። የሄደ ሰው ቤቱን ሳይዘጋ እንደሚሄድ እናንተም ታውቃላችሁ።

ከዚያ ወዲህ አሜሪካኖች ረሱት። የንግዱ ማዕቀብ ፖስታውንም ባንኩንም ዘጋው። ማርች 28 ቀን 1999 የባልቲሞር ቡድን ሃቫና መጥቶ ከኩባ ብሔራዊ ቡድን ጋር ሲጫወት የመክፈቻዋን ኳስ እንዲወረውር የተጠራው ማሬሮ ነበር። የ87 ዓመት ሽማግሌ። በፌብሩዋሪ 2011 ከእርሱ የሚበልጠው አንድ አሜሪካዊ ሲሞት፣ በከፍተኛው ሊግ ከተጫወቱትና በሕይወት ካሉት ሁሉ ሽማግሌው እርሱ ሆነ። ያን ጊዜ ዓይኑ ደክሟል፤ ሃቫና ውስጥ ከቤተሰቡ ጋር ይኖራል፤ ጠያቂ ሲመጣም አሮጌዎቹን ጨዋታዎች መቺ በመቺ ይቆጥርለታል።

በ2011 ሊጉና የተጫዋቾቹ ማኅበር ጡረታ ላልነበራቸው የድሮ ተጫዋቾች በየዓመቱ ጥቂት ገንዘብ ሊከፍሉ ተስማሙ። የማሬሮ ድርሻ በዓመት 10,000 ዶላር ሆነ። ገንዘቡ ግን በማዕቀቡ ምክንያት ተይዞ ቆየ። አንድ ሰው በ43 ዓመቱ የጨረሰውን ሥራ ደመወዝ ለማግኘት ከመቶ ዓመቱ በኋላ ወረፋ ሲጠብቅ አስቡት፤ በዚህስ እኛ ብቻ አይደለንም። በመጨረሻ የሁለቱ ዓመት 20,000 ዶላር በሁለት ጊዜ ተከፍሎ 102ኛ ልደቱ በተቃረበበት ሰሞን ተጠናቆ እጁ ገባ። የሞተው በቀጣዩ ዓመት በ2014 ነው፤ ኤፕሪል 23 ቀን፣ 103ኛ ዓመቱ ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው።